በርሜል ሠሪው ኤበን ስታውት፣ 1716

የቦስተኑ መጽሔት ስለ ዌልድፊልድ ከተማ ያዘጋጀውን ሁለት ገጽ ከማተሙ በፊት ላቪኒያ ፕራውቲ እንድታርመው ላከላት። ለማን ይላክ ታዲያ? ዌልድፊልድ ውስጥ ስለ ከተማዋ ታሪክ ጥያቄ ያለው ሰው ወይ ላቪኒያን ይጠይቃል ወይ ዝም ይላል። ዝም ካለም እሷ ራሷ መጥታ ትነግረዋለች።

ወረቀቱን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ቀይ እርሳሷን ቀርጻ ቁጭ አለች። "ከቦስተን በባቡር ሠላሳ አራት ደቂቃ" የሚለውን ሠላሳ ስድስት አደረገችው። ባሏ ሃርላን በዚያ መስመር ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ትኬት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ነው፤ እሱ ቤት ሁለት ደቂቃ በዋዛ አይታለፍም። ቤተ ክርስቲያኑ ላይ "ውብ" የሚለውን ቃል ሰረዘችው። ቤተ ክርስቲያኑ አስቀያሚ ሆኖ አይደለም፣ "ውብ" መረጃ ስላልሆነ ነው። "ጸጥ ያለች የቦስተን ዳርቻ" የሚለው ጋ ስትደርስ ደሟ ፈላ። ዌልድፊልድ የማንም ዳርቻ አይደለችም። ቦስተን ናት የዌልድፊልድ ጎረቤት፣ ያውም ጫጫታ የምታበዛ ጎረቤት። እንዲህ እያለች ዘጠኝ ስህተት ለቀመች።

አሥረኛው የመጨረሻው መስመር ላይ ነበር። "የከተማዋ አንጋፋ ቤት በርሜል ሠሪው ኤበን ስታውት በ1716 የሠራው ነው፤ ዛሬ የታሪክ አዋቂዋ ላቪኒያ ፕራውቲ ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩበታል" ይላል። አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ፖስታው ውስጥ ከተተችው።

በዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ውሸት አለ። አንደኛው ገና ሁለት ወሩ ነው፤ ሃርላን ከየካቲት ወዲህ እቤቱ የለም። ሁለተኛው ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱን የሚያውቁ ሰዎች በዓለም ላይ ሁለት ብቻ ናቸው፣ ላቪኒያና ሃርላን።

ዌልድፊልድ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በቤቱ ዕድሜ ነው። በየበሩ አጠገብ ነጭ የእንጨት ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ቤቱን መጀመሪያ የሠራው ሰው ስም፣ ሙያውና ዓመቱ በጥቁር ቀለም ተጽፎበታል። "ጫማ ሰፊው ሳይለስ ሆግ፣ 1768።" "መበለቷ ቴምፐራንስ ኖይስ፣ 1802።" መበለትነትም እንደ ሙያ ተቆጥሮ አልፏል። ሰዎች ግብዣ ላይ ሲተዋወቁ "እኛ የ1790ዎቹ ነን" ይባባላሉ። በ1962 የተሠራ ቤት የገዛ አንድ የጥርስ ሐኪም ሦስት ዓመት ሙሉ በሄደበት ሁሉ "ይቅርታ፣ ግቢው ግን ሰፊ ነው" ሲል ኖረ።

ሁለት መቶ አሥራ አንዱንም ሰሌዳ ያጻፈችው ላቪኒያ ናት። መዝገብ ቤት ገብታ የጥንት የመሬት ውል ታገላብጣለች፣ ምድር ቤት ወርዳ ምሰሶውን ትዳብሳለች፣ ምስማር አስነቅላ በማጉያ መነጽር ታያለች። ከዚያ ዓመቱን ትናገራለች። እሷ ከተናገረች አለቀ። የቤቱን ዕድሜ በአሥራ ሁለት ዓመት የቀነሰችበት አንድ ጠበቃ ቤቱን ሸጦ ወደ ኮኔቲከት ገብቷል።

የመጀመሪያውን ሰሌዳ የሰቀለችው በገዛ ቤቷ ላይ ነው። በ1979፣ አዲስ ሙሽራ ሳለች። የ1716 ውል አገኘች፤ ውሉ ኤበን ስታውት የሚባል በርሜል ሠሪ በዚያ ቦታ ላይ ቤት እንዳለው ይናገራል። ቦታው ልክ ነው፣ ቤቱ ይኸው ቆሟል፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። በዚያ ሳምንት ስለ ኤበን ስታውት ከማውራቷ የተነሳ ሃርላን እራት ላይ "ሰውየው ይበላል ወይስ ለሁለታችን ብቻ ላቅርብ?" ብሎ ጠየቃት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኤበን ስታውት በቤታቸው ውስጥ "በርሜል ሠሪሽ" እየተባለ ኖረ።

ላቪኒያ የታሪካዊ ቤቶች ኮሚሽንንም ሃያ ሁለት ዓመት በሊቀ መንበርነት መርታለች። ማን በሩን ምን ቀለም ይቀባ፣ ማን ምን ዓይነት አጥር ያጥር፣ የሚወስነው ኮሚሽኑ ነው። ሕጉን በ1987 የጻፈችው እሷው ናት። በቂ ምክንያት ላለው ሰው ልዩ ፈቃድ ይሰጣል ይላል ሕጉ። ቀጥሎ ግን አንድ መስመር አለ፤ "ከ1725 በፊት በተሠራ ቤት ፊት ለፊት በኩል በምንም ምክንያት ልዩ ፈቃድ አይሰጥም።" በከተማዋ ከ1725 በፊት የተሠራ ቤት አንድ ብቻ ነው፣ የራሷ። እንግዲህ ያቺን መስመር ለገዛ ቤቷ ክብር ብላ ነው የጨመረቻት።

"ለበርሜል ሠሪሽ ዘበኛ ቀጠርሽለት" ነበር ያላት ሃርላን ያኔ።

በየካቲት ሃርላን ደም ግፊቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ኩሽና ውስጥ ወደቀ። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ሆስፒታሉ አውራ ጎዳናው ዳር ወዳለው ማገገሚያ ላከው። ማገገሚያው አጠገብ የጎማ መሸጫ አለ፤ ማገገሚያው ራሱም ከጎማ መሸጫው ብዙም አይለይም።

ላቪኒያ ፖስታውን መንገድ ላይ የፖስታ ሳጥን ውስጥ ከታ ወደዚያው ሄደች። አብሮት የተኛው ሽማግሌ ቴሌቪዥን ላይ የጥያቄና መልስ ውድድር ከፍቶ ለሁሉም ጥያቄ "ፈረንሳይ" እያለ ይመልሳል።

"መጣሽ?" አላት ሃርላን። "በስንት ሰዓቱ ባቡር?"

"በመኪና ነው የመጣሁት።"

"እሱ አይቆጠርም።"

ብርድ ልብሱን አስተካከለችለት። ከስቷል። የቀኝ እጁ አውራ ጣት ድሮ ትኬት ሲበሳ እንደሚያደርገው ብርድ ልብሱን ይጫናል፣ ይለቃል።

አስታማሚዋ ማርሊን ገባች፤ የሄይቲ ሴት ናት፣ ነገር አታንዛዛም። "ሚስስ ፕራውቲ፣ መጥፎ ወሬ ሁልጊዜ የምነግርዎ እኔ ነኝ፣ ምን ላድርግ" አለች። "የማገገሚያ ጊዜያቸው የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ሐሙስ ያልቃል። ቤት ደጃፍ ላይ ለዊልቸር መወጣጫ ካለ እቤታቸው ይገባሉ። ከሌለ ወደ ቋሚ መጦሪያ ነው። አሁን ክፍት አልጋ የተገኘው በመኪና ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።"

"ባቡር ይገባዋል?" አለ ሃርላን።

"አይገባውም።"

"እንግዲያው አገር አይደለም።"

ማርሊን ሳቀች። ላቪኒያ አልሳቀችም። ቤታቸው ደጃፍ ላይ አምስት የድንጋይ ደረጃ አለ፣ እያንዳንዱ ጉልበት የሚደርስ። የጓሮው በር ደግሞ ቁልቁለት ላይ ስለሆነ አሥራ አንድ ደረጃ ነው። ከደጃፉ በቀር መግቢያ የለም፣ ደጃፉን ደግሞ ሕግ ይጠብቀዋል።

ማርሊን ስትወጣ ሃርላን በደህናው እጁ የላቪኒያን እጅ ያዘ። "ቪኒ፣ ስለ እኔ ብለሽ በርሜል ሠሪውን እንዳታስቸግሪው" አላት።

እየቀለደ ነው። አንድም የወቀሳ ቃል የለበትም። ለዚህም ነው ላቪኒያ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሳታዞር ሩብ ሰዓት የተቀመጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሃርላን ጣራ ስር ያለውን ክፍል ወለል ሊጠግን ሳንቃ ሲያነሳ አንድ ምስማር፣ አንድ የተጨማደደ ጋዜጣና አንድ ስንጥር እንጨት አግኝቶ አወረደላት። ምስማሩ በማሽን የተቆረጠ ነው፤ የ1716 ሰው ምስማር በእጁ ነው የሚቀጠቅጠው። እንጨቱ ላይ የክብ መጋዝ ጭረት አለ፤ ክብ መጋዝ ደግሞ በዚያ አገር የመጣው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጋዜጣው ለብርድ መከላከያ ግድግዳው ውስጥ የተጠቀጠቀ ሲሆን ቀኑ ጥቅምት 1843 ይላል። ላቪኒያ ሳትተነፍስ ወደ ምድር ቤት ወረደች፣ በባትሪ አየች። የመሠረቱ ድንጋይ በእሳት ጠቁሯል። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ጥላ ነው ብላ ነበር። የኤበን ስታውት ቤት ተቃጥሎ አልቋል። ሌላ ሰው በ1843 በዚያው መሠረትና በዚያው ደረጃ ላይ አዲስ ቤት ሠርቷል። ይህንን የማንም ጀማሪ ቢሆን በአንድ ከሰዓት ያገኘው ነበር።

ምስማሩን፣ ስንጥሩንና ጋዜጣውን የልብስ ቁልፍ የምታጠራቅምበት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከተተች። ሃርላን አያት። እሷም አየችው። "ሳንቃውን ልመልሰው?" አላት። "መልሰው" አለችው። በቃ። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ቤቱን ለማየት ሲመጡ፣ እሷም ስለ 1716 ስታስረዳ፣ ሃርላን በር ላይ ቆሞ ለልጆቹ ብስኩት ያድላል። አንድ ቀን እንኳን ጉሮሮውን አልጠራረገም።

በማግስቱ ራልፍ ቴዴስኮን ልታነጋግር ሄደች። ራልፍ ከእሷ ቀጥሎ የኮሚሽኑ ሊቀ መንበር የሆነው ግንበኛ ነው፤ አያቱም አባቱም በከተማዋ ያለውን የድንጋይ አጥር የገነቡ ናቸው። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ሲለይ አገኘችው።

"ራልፍ፣ ደጃፌ ላይ መወጣጫ ማሠራት አለብኝ። ለሃርላን።"

"ሰምቻለሁ። እግዜር ይማራቸው" አለ ራልፍ ድንጋዩን ሳይለቅ። "ግን አይቻልም።"

"ልዩ ፈቃድ…"

"ከ1725 በፊት በተሠራ ቤት ላይ በምንም ምክንያት አይሰጥም። በምንም ምክንያት የሚለው ከስሩ ተሰምሮበታል። ማን እንዳሰመረበት ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ።"

"ሕጉን መቀየር የሚችለው የከተማው ጠቅላላ ስብሰባ ነው፤ የዘንድሮው አልፏል። ጠበቃ ከያዙ ደግሞ ያሸንፋሉ፣ አልጠራጠርም። ለገና ይደርሳል።" ድንጋዩን አስቀመጠው። "ሰኞ ስብሰባ አለን። ይምጡና ያመልክቱ። እንቢ እንልዎታለን፣ በወግ በወጉ።"

ራልፍ ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ላቪኒያ ግን ምን እንደሌለ ታውቃለች። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት ራልፍ እናቱ ፊሎሜና ደረጃ ሲወጡ የሚደገፉበት የብረት መያዣ ደጃፉ ላይ ለማቆም አመልክቶ ነበር። ቤቱ የ1731 ነው፣ ልዩ ፈቃድ ሊሰጠው ይችል ነበር። ላቪኒያ ከለከለችው። "ብረቱ የቤቱ ዘመን አይደለም" ብላ ነው የጻፈችው፣ በቀይ እርሳስ።

እስከ ሰኞ ሦስት ሌሊት በቅጡ አልተኛችም። ምኗ ሊቀር ነው? ስሟ ብቻ ነው ያላት። ልጅ አልወለደች፣ መጽሐፍ አላሳተመች፤ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ሰሌዳ ነው የወለደችው። በኩሩ ውሸት ነው ካለች ሌሎቹን ማን ያምናል? ደግሞም ስህተት ሌላ ነገር ነው፣ ሰው ይሳሳታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆርቆሮ ውስጥ ደብቆ ማስቀመጥ ግን ስህተት አይባልም። ሰዎች ያፍሩባታል፣ ይሳሳቃሉ፣ ጠበቃው ከኮኔቲከት ደብዳቤ ይጽፋል። ይህን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ የሃርላን አውራ ጣት ብርድ ልብሱን ሲጫን ይታያታል።

ሰኞ ከሥራ ሰዓት በኋላ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። የብስኩት ቆርቆሮውን ይዛለች። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ራልፍ መካከል፣ ኦርሰን ፒል የሚባል ጡረተኛ አርክቴክት በቀኝ፣ ስትጽፍ አንገቷን ቀና የማታደርግ ጸሐፊ በግራ ተቀምጠዋል። ሦስቱም ድምፅ አላቸው። ፊታቸው አንድ ሳጥን ዶናት አለ፤ በዌልድፊልድ ከዶናት ውጭ ስብሰባ አይጸናም።

"ማመልከቻ ቁጥር አንድ" አለ ራልፍ። "ስታውት ቤት፣ 1716። የዊልቸር መወጣጫ።"

"ዓመቱን አርሙልኝ" አለች ላቪኒያ። "1843 ነው።"

ጸሐፊዋ አንገቷን ቀና አደረገች።

ላቪኒያ ቆርቆሮውን ከፈተች። ቁልፎቹን ገለል አድርጋ ምስማሩን አወጣች፣ ስንጥሩን አወጣች፣ ጋዜጣውን ዘረጋች። ስለ መጋዙ ተናገረች፣ ስለ መሠረቱ ጥቁረት ተናገረች። ድምጿ ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎች ስታስረዳ እንደነበረው ነው።

ኦርሰን ፒል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። "አይሆንም" አለ። "እኔ በበኩሌ አልቀበለውም። ስለ ስታውት ቤት የተጻፈው ጥናት በአውራጃው አንደኛ ነው። አንድ ምስማር መጣና ያን ጥናት ያፈርሰዋል?"

"ጥናቱን ማን ጻፈው?" አለች ላቪኒያ።

"እርስዎ።"

"እኔ ተሳስቻለሁ እያልኩህ ነው።"

"ሚስስ ፕራውቲ፣ በዚህ ጉዳይ ኮሚሽኑ ከእርስዎ በላይ የሚያምነው ሰው የለም" አለ ኦርሰን ፒል። ዛሬ የቆሙትን እርስዎን ራስዎንም ጭምር ማለቱ ነው።

ራልፍ በበኩሉ ሌላ ነገር ነበር ያሳሰበው። "ቆይ፣ ቆይ" አለ። "የእርስዎ 1843 ከሆነ አንጋፋው ቤት የማን ሊሆን ነው?"

"ያንተ። 1731።"

"ምን ቆርጦኝ! አልፈልግም።"

"ማን ጠየቀህ? ምድር ቤትህን ሦስት ጊዜ ወርጄ አይቼዋለሁ፤ 1731 ነው።"

"ተማሪዎቹ ሊመጡ ነው? እኔ ጋ? እኔ እኮ ጓሮ በኩል የፕላስቲክ መስኮት…" ራልፍ ጸሐፊዋን አያት። "እሱን አትጻፊው።"

"ጽፌዋለሁ" አለች ጸሐፊዋ።

ኦርሰን ፒል ገና እጁን አልሰጠም። "እሺ፣ ቤቱ ይቃጠል። ደረጃውስ? ደረጃው የ1716 ነው፣ እርስዎም ብለዋል። መወጣጫው የሚሸፍነው ደረጃውን ነው።"

"ሕጉ ቤት ነው የሚለው" አለች ላቪኒያ። "እኔ ነኝ የጻፍኩት። ሰው የሚኖረው ከደረጃ በላይ ነው ኦርሰን። ባሌ ከደረጃ በታች ቀርቷል።" እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። እሷም አላስተካከለችውም።

ማንም ዶናት አልነካም። ራልፍ ምስማሩን አንስቶ መዳፉ ላይ አገላበጠው። ምስማር አይቶ ለማወቅ የማንም ጥናት አያስፈልገውም፣ የግንበኛ ልጅ ነው።

"ይሄ መቼ ነው የተገኘው?" አለ።

ላቪኒያ ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። "ባለፈው ሳምንት" ልትል ትችላለች። ማን ያውቅባታል? የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ እሱ ደግሞ አይናገርም።

"ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት" አለች።

ራልፍ በጣቶቹ ሲቆጥር ታየ። ብዙም አልፈጀበትም። "የእናቴን ብረት ሲከለክሉኝ ያውቁ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ብረቱ የቤቱ ዘመን አይደለም ብለው ሲጽፉልኝ።"

"አዎ ራልፍ።"

ራልፍ ምስማሩን ቆርቆሮው ውስጥ ቀስ አድርጎ መለሰው። ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። "ጻፊ። ኮሚሽኑ ማስረጃውን ተቀብሏል። ቤቱ የ1843 ነው። ልዩ ፈቃዱ ላይ ድምፅ እንስጥ። እኔ እደግፋለሁ።" ጸሐፊዋም እጇን አወጣች። ኦርሰን ፒል መጨረሻ ላይ አወጣ፣ ሰው የቀብር ሣጥን ሲያነሳ እንደሚያወጣው።

ውጭ መኪና ማቆሚያው ላይ ጠበቀችው። "ራልፍ፣ ይቅርታ አድርግልኝ" አለችው።

ራልፍ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ሲፈልግ ቆየ። "እናቴ ስድስት ዓመት በኩሽና በር ገባች" አለ። "እንደ ወተት አመላላሽ። በፊት ለፊቱ በር የወጣችው በሣጥን ነው።" ቁልፉን አገኘው። "ይቅር ብያለሁ ልበልዎት ወይ? ገና ነኝ። እንጨቱ ግን ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል። እኔ ራሴ እሠራዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሠራው ያጣምመዋል።"

ቅዳሜ ጠዋት መጣ። እሑድ ማታ ጨረሰ። እጁ ላይ የወጣውን ስንጥር ላቪኒያ በመርፌ አወጣችለት፤ ስትጨርስ "ቡና ይኖራል?" አላት፣ ቡና ሰጠችው።

ሰኞ ላቪኒያ ወደ መጽሔቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጣም ትሑት ነበረች። "ውይ ሚስስ ፕራውቲ፣ ማተሚያ ቤት ገብቷል እኮ!" አለች። "ዘጠኙን ግን በሙሉ አርመናል። አንድ የቀረ ነገር አለ እንዴ?"

"ሁለት ነበሩ" አለች ላቪኒያ። "አንዱ ሐሙስ ይስተካከላል።"

ሐሙስ ጠዋት ካቻቢቴ ይዛ ወጣች። ሰሌዳውን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው፤ ሦስቱ እሺ አሉ፣ አራተኛው አርባ አምስት ዓመት ዝጎ አልንቀሳቀስ አለ። ተሳደበችበት። ያኔ ወጣ። ሰሌዳው በነበረበት ቦታ ላይ ሳንቃው ፀሐይ አላየም፣ እንደ አዲስ ቢጫ ነው። ሌላ ሰሌዳ አላሰናዳችም። ቤቱን በ1843 የሠራው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ሳታውቅ ደግሞ አትጽፍም።

የማገገሚያው መኪና አራት ሰዓት ላይ መጣ። ማርሊን እረፍቷ ቢሆንም አብራ መጥታለች፤ "አምስቱን ደረጃ ስንት ጊዜ ሰማሁ፣ ልየው ብዬ ነው" አለች። ሃርላን ዊልቸሩ ላይ የባቡር ኮፍያውን አድርጓል። መወጣጫውን ከታች እስከ ላይ አየ፣ መጋጠሚያውን አየ፣ ጥርበቱን አየ። "የራልፍ እጅ ነው" አለ። "ባለ ሥራ ነው።"

ላቪኒያ ገፋችው። እንጨቱ ገና ሙጫ ሙጫ ይሸታል። በሩ አጠገብ ሲደርሱ ሃርላን እጁን አነሳና አቆማት። ቢጫውን አራት ማዕዘን አየው፣ አራቱን የብሎን ቀዳዳ አያቸው።

"በርሜል ሠሪሽ የት ሄደ?"

"አስወጣሁት።"

"ራልፍ ያውቃል?"

"ሁሉም ያውቃል። መዝገብ ላይ ሰፍሯል።"

ላቪኒያ ፊት ለፊቱ ዞራ ተንበረከከች፣ ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ጮኸ።

"ሃርላን፣ ለምን አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅከኝም? ሁለት ወር እዚያ ስትተኛ። አንዲት ቃል ብትለኝ እኮ…"

"ከሁለታችን አንዱን ምረጪ ልበልሽ?"

"አዎ!"

"ብልሽ ማንን ትመርጪ ነበር?"

ላቪኒያ ዕድሜዋን ሙሉ የቤት ዓመት ስትናገር ሰው ሁሉ የሚያምናት ሴት ናት። "አላውቅም" አለች። "በየካቲት ከሆነ… እሱን ሳልመርጥ አልቀርም።"

"እኔም ይህንኑ ነበር የጠረጠርኩት" አለ ሃርላን። "ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ።"

እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እሱ በደህናው እጁ ጉንጯን ጠረገላት፣ ትንሽ ጠንከር አድርጎ፣ ትኬት እንደሚበሳ ሰው። ማርሊን ወደ መንገዱ ዞራ ምንም የሌለበትን ዛፍ ታያለች።

ከዚያ ሃርላን ኮፍያውን አስተካከለ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በየፉርጎው ሲጣራበት በኖረው ድምፅ፣ ግማሽ አፉ እየተያዘበት፣ "ዌልድፊልድ!" አለ። "ዌልድፊልድ ወራጅ!"

ላቪኒያ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፤ ማርሊን በሩን ከፈተችላቸው፣ ገቡ።